አምስት የልብስ መቆንጠጫዎች

ጮኻለች ወይስ አልጮኸችም? ዳንጉዎሌ ይቺን አንዲት ነገር ስታገላብጥ ነጋባት። እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ የእሑድ ጠዋት ብርሃን በመጋረጃው ሥር ሾልኮ እግሯ ድረስ መጥቷል፣ እሷ ግን አሁንም ትናንት ከሰዓት በኋላ የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ውስጥ ናት፣ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር በስተጀርባ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች፣ ሰዓቱ ላይ ዘጠኝ ሰከንድ ቀርቷል፣ ስድሳ አንድ ለስድሳ እየመራን ነው፣ ብሪን ኳሷን አቅፋ በሁለት ረጃጅም ተጋጣሚዎች መሀል ጥግ ላይ ተጣብቃለች፣ የምታቀብለው ሰው የለም፣ አዳራሹ በጩኸት ሊፈርስ ነው፣ እና ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንድ ሻካራ የሴት ድምፅ "ታይም አውት!" ይላል። የማን ድምፅ ነው? የአሰልጣኟ ነው። አይ፣ የኔ ነው። ኧረ የአሰልጣኟ ነው፣ ራሷ በማይክራፎን አምናለች እኮ፣ ስድስት መቶ ሰው ሰምቷታል፣ ታዲያ እኔ ማን ነኝና ነው አይደለም የምለው? አስቤው ነው እንጂ አላልኩትም። ጉሮሮዬ ግን ለምን እንዲህ ያቃጥለኛል? ጉሮሮዋ ከጨዋታ በኋላ ሳያቃጥላት ቀርቶ አያውቅም፣ እሱ ማስረጃ አይሆንም። ትገለበጣለች፣ ትራሱን ታዞራለች፣ እንደገና ዘጠኝ ሰከንድ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የሆነውንማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ብሪን ሙልደር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ለቡድኑ ስትጫወት ገና የመጀመሪያ ዓመቷ፣ ድምፁን ሰምታ አንዱን መዳፏን በሌላው ላይ አቁማ ዳኛውን እረፍት ጠየቀች፣ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። የለም። አልቋል። ለአንድ ቡድን ለአንድ ጨዋታ የሚሰጠው አምስት እረፍት ነው፣ አምስቱም ተበልቷል፣ የሌለውን እረፍት የጠየቀ ቡድን ደግሞ ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ተጋጣሚ ሁለት ነጻ ውርወራ ያገኛል፣ በዚያ ላይ ኳሷንም ይወስዳል። ሁለቱንም አገቡ። ሁለት ጨመሩ። ስድሳ አራት ለስድሳ አንድ። ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ተሸንፈን፣ በአሥረኛው ልናሸንፍ ዘጠኝ ሰከንድ ሲቀረን! ብሪን ሜዳው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በማሊያዋ ሸፈነች፣ አሥራ አራት ቁጥር፣ ያቺ ዳንጉዎሌ በየሰኞው በኮሌጁ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በእጇ የምታሸው ማሊያ። የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳችን ጨዋታ ስለነበር አሰልጣኟ ማይክራፎን ይዛ ደጋፊውን ማመስገን ልማድ ነው። ጌይል ራደማከር መሀል ሜዳ ቆመች። ምስጋናውን ትታ፣ "ልጅቷን ተዉአት። እረፍት ያልኩት እኔ ነኝ። ቆጠራው ጠፋብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። አዳራሹ አጉረመረመባት፣ አፏጨባት። አንቺስ ምን አደረግሽ፣ ዳንጉዎሌ? እኔማ ከሁሉም አስበልጬ ጮህኩ። "ሂጂልን!" ብዬ ጮህኩ። ይሄንን ማለቷን በደንብ ታስታውሳለች፣ እሱ ላይ ምንም ጥርጥር የላትም።

ደግሞ ጌይል ራደማከርን ወዳ አይደለም። ኧረ ያቺ ሴትዮ ስድስት ዓመት ሙሉ አንጀቷን ስታሳርረው ኖራለች። ሰው እረፍትን የሚያስቀምጠው ለመጨረሻው ደቂቃ ነው፤ ጌይል ግን ጨዋታ መሆኑን ረስታ ታስተምራለች። አንዷ ልጅ ገና በመጀመሪያው ሩብ አንዲት እርምጃ ከተሳሳተች "ታይም አውት!" ነው፣ ሰሌዳዋን ታወጣለች፣ ክብ ትስላለች፣ ቀስት ትስላለች፣ ልጆቹ ትኩስ ሆነው ሲሮጡ የነበሩት ላባቸው እስኪበርድ ቆመው ያዳምጧታል፣ ሲመለሱ ተጋጣሚ ስድስት ነጥብ ይቆጥርባቸዋል። ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ አምስቱም እረፍት ያልቅና አራተኛው ላይ ሌላው ቡድን ሲነዳን እጃችንን አጣጥፈን እናያለን። ኧረ ተይ፣ አንድ እንኳን አስቀሪ! በተወለደችበት አገር፣ ፓኔቬዢስ ከተማ፣ የጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ውስጥ በምትጫወትበት ዘመን አሰልጣኛቸው በር ላይ ቆሞ ሲጋራ ከማጨስ በቀር ምንም አያደርግም ነበር፣ "ኳሷ ታስተምራችኋለች" ይላል፣ ጭሱን እፍ ይላል፣ ቡድኑም ያሸንፋል። ሽመናው ክፍል ውስጥ በማሽኑ ጩኸት ላይ ለመሰማት ስትጮህ ነው ድምፅዋ እንዲህ የሻከረው፣ የጥጥ ብናኙም አለበት። አሁን ሽመናው ክፍል ውስጥ ናት፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ብሪን ጥግ ላይ ተጣብቃለች፣ ማሽኑን አጥፉት፣ ታይም አውት። ዓይኗን ትገልጣለች። ጣሪያው የአዮዋ ጣሪያ ነው።

ቨርላ ናቸው የእረፍት ቆጠራውን ያስጀመሩት። ቨርላ ፋንደር ፕሉግ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጎኗ ይቀመጣሉ። በወጣትነታቸው በዚህ በአዮዋ ሴቶች ስድስት ለስድስት በሚጫወቱበት ዘመን ተከላካይ ነበሩ፣ በዚያ ሕግ ተከላካይ የመሀሉን መስመር አይሻገርም፣ ስለዚህ ቨርላ አራት ዓመት ሙሉ ተጫውተው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቅርጫት ወርውረው አያውቁም፣ "ያ ሁሉ ያልወረወርኩት ኳስ ነው አሁን ምላሴ ላይ የቀረው" ይላሉ። ዳንጉዎሌ ከማጠቢያ ክፍሉ አምስት የልብስ መቆንጠጫ አምጥታላቸው ነበር፣ የእንጨት፣ ከድሮ የቀሩ። ቨርላ በየጨዋታው ጭናቸው ላይ የሚጥሉት ብርድ ልብስ ጠርዝ ላይ አምስቱን ይደረድራሉ፣ ጌይል እረፍት በጠራች ቁጥር አንዱን ይነቅላሉ፣ ረድፉ ሁሉ ባንድ ድምፅ "አራት ቀረ!" ይላል፣ "ሦስት ቀረ!" ይላል፣ ጌይልም ትሰማለች፣ ዞራ ግን አታይም። በጥር ወር ዳንጉዎሌ ለስፖርት ዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፈች፣ ቨርላ ቋንቋውን አቃኑላት፣ "ይህች ሴት የመጨረሻዋን ደቂቃ አታውቃትም" የሚል፣ የከተማዋ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በማግስቱ የግሮሰሪው ሰውዬ በስሟ፣ በአጭሩ ዳና ብሎ፣ ጠራት። ሃያ አራት ዓመት! ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ መስኮት ፋብሪካ ሠርታ፣ ልብስ ማጠቢያ ገብታ፣ ባል ሳታገባ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ በመጣች በሃያ አራት ዓመቷ ነው ሰው "ዳና፣ የኛ ሴት!" ያላት፣ እሱም ስለ እረፍት አቆጣጠር በጻፈችው ደብዳቤ። ከዚያ ረድፍ ሌላ ምን አላት? ማንም የላትም። አሁን ያንን ረድፍ ልታጣ ነው፣ ወይም ዝም ብላ ልትይዘው ነው።

ምክንያቱም ነገሩ ነገ ያልቃል። የስፖርት ዳይሬክተሩ "የዓመት ትኬት ከያዙት ከግማሽ በላይ ከፈረሙ ሰኞ ጠዋት አሰናብታታለሁ" ብሏል፣ ፊርማው ደግሞ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው የሚሰበሰበው። በዚህ አገር ሰው የሚባረረው በሽንፈት ነው ወይስ በፊርማ? ሃያ አራት ዓመት ኖራ አልገባትም። አባርረውሽ ሲያበቁ ደግሞ "መልካሙን ሁሉ እንመኝልሻለን" ይሉሻል፣ ያውም ከልባቸው ነው፣ ያ ነው ግራ የሚያጋባው። እና ራሷ ነኝ ካለች እኔ ምን አገባኝ? ድምፃችን ይመሳሰላል፣ አዎ። ጌይል ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ድምፅዋ ሻካራ ነው። በኅዳር ዳንጉዎሌ "ወደ ኋላ!" ብላ ስትጮህ ሁለት ልጆች ሩጫቸውን አቋርጠው ወደ ኋላ ተመልሰው ነበር፣ ረድፉ በሳቅ ሞተ፣ ቨርላ "ከዛሬ ጀምሮ ደሞዙን ተካፈሉ" አሉ። ያኔ ያስቅ ነበር። እረፍት ማለቁን ታውቃለች እኮ! ብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ አንድም መቆንጠጫ አልነበረም፣ ራሷ "አለቀ!" ብላ አብራ ጮኻለች፣ ታዲያ የሚያውቅ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል? አይልም። ስለዚህ አላልኩም። ግን አፌ ሲከፈት ትዝ ይለኛል። ወይስ አሁን ነው የከፈትኩት?

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚያ ማዶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ እንደ ሁልጊዜው እሑድ ለእህቷ ለሬጂና ደወለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ተነሳ።

"ዳንጉቴ! ጉሮሮሽ ገና አለ?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የልጅ ልጄ አሳየኝ። ያቺ ልጅ እጇን እንዲህ ያደረገችበት፣ ቪዲዮው እዚህ ድረስ መጥቶ ሰው ሁሉ ይስቅባታል። እኔ ልጅቷን የት አየኋት፣ አንቺን ስሰማ ደነገጥኩ እንጂ።"

ዳንጉዎሌ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "እኔ አይደለሁም። አሰልጣኟ ናት። ራሷ አምናለች።"

"ተይ እባክሽ! ስድሳ ዓመት የሰማሁትን ድምፅ ልታስተምሪኝ ነው? በልጅነታችን ጓሮ ሆነሽ 'ሬጂና፣ አባባ መጣ!' ስትዪ ሰፈሩ ሁሉ ሲጋራውን ይደብቅ ነበር። ደግሞ አሰልጣኝሽ ቪዲዮው ጫፍ ላይ ትታያለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሰው አፉን ይዞ ይጮሃል እንዴ? ደግመሽ እዪው።"

"አላይም።"

"ለምን?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዞረች። ሬጂና መተንፈሷ ይሰማል፣ ከኋላ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ የዚያ አገር ዜና አንባቢ ስለ በረዶ ያወራል። ደግሞ ሃያ አራት ዓመት ወደ ኋላ፣ አባባ አልጋ ላይ የወደቀበት ዓመት ነው፣ ዲቪው ደርሷታል፣ ወረቀቱ በቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ወር ተቀምጧል፣ ለሬጂና አልነገረቻትም፣ በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ ትላለች፣ ሬጂና አባባን ትገለብጣለች፣ ታጥባለች፣ እሷ ሾርባ ታቀብላለች፣ የነገረቻት ለመሄድ ስድስት ቀን ሲቀር ነው። "ሁለት ዓመት ብቻ" አለቻት። አባባ ሲቀበር አልመጣችም፣ የትኬት ገንዘብ አልሞላላትም ነበር። የሞላላት ጊዜም አልመጣችም።

"ዝም ማለትማ ታውቂበታለሽ" አለች ሬጂና፣ ሳትቆጣ። "ለአባባ አንዲት ቃል ያልወጣሽ ሰው ለኳስ እንዲህ ጮኸሽ ስሰማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። ልጅቷ ግን ታሳዝናለች። ልጅ ናት። አሁን ምን ልታደርጊ ነው?"

"አላውቅም። እኔ እንጃ፣ ሬጂና፣ ምንም የማውቀው ነገር የለም።"

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቪዲዮውን አየችው። አንድ ጊዜ። እጅ አፍ ላይ አለ፣ ድምፁም አለ። የራስን ድምፅ ከውጭ መስማት እንዴት ያስጠላል!

ምድር ቤቱ በአሳማ ሥጋ ዳቦና በድንች ሽታ ተሞልቷል። በዚህ ከተማ እሑድ ቀን ሣር ማጨድ ነውር ነው፣ ጎረቤት በመጋረጃ ያይሻል፤ ስለዚህ ፊርማ ማሰባሰቡን "ስብሰባ" ሳይሆን "የወንድማማች ምሳ" ብለውታል። ወደ ታች ስትወርድ ደረጃው አጋማሽ ላይ ብሪን ተቀምጣ ነበር፣ የሹራቧን ቆብ እስከ ቅንድቧ ስባ። ዳንጉዎሌ በልጅቷ ጉልበት ጥግ አለፈች። ሰላም ልትላት ነበር፣ ድምፅዋ እንዳይወጣ ፈርታ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። አርባ የሚሆን ሰው አለ። ቨርላ እንደ ልማዳቸው ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አስቀምጠው ቦታ ይዘውላታል።

"እሑድ ሣር አይታጨድም፣ አሰልጣኝ ግን ይታጨዳል" አሉ ቨርላ በጆሮዋ። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።"

"አልተኛሁም።"

"እኔም አልተኛሁም" አሉና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ።

የብሪን አባት ከርት ሙልደር ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሰፊ ሰው ነው፣ በቆሎ ያመርታል፣ አሳማ ያረባል፣ ሲናገር ሁልጊዜ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል፣ ዛሬ ግን ዓይኑ ቀልቷል። "ልጄ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም" አለ ለሁሉም። "ስልኳን ነጠቅኳት፣ የሚጽፉላትን ብታዩት! ያቺ ሴት ስድስት ዓመት እረፍቱን ስትበትን ኖራ፣ ስትቆጥር ተሳስታ፣ ጦሱ የወደቀው በልጄ ላይ ነው። በቃ!" ወረቀቱን ዳንጉዎሌ ፊት ዘረጋው፣ እስኪርቢቶውንም ላዩ ላይ አኖረ። "ዳና፣ ደብዳቤውን የጻፍሽ አንቺ ነሽ። የመጀመሪያዋን መስመር ላንቺ ትቼልሻለሁ።"

ሰዉ አጨበጨበ። እስኪርቢቶውን አነሳች። ፈርሚና ውጪ፣ ይላል ልቧ፣ ፈርሚ፣ ሴትዮዋ እንደሆነ ዛሬ ባይሆን ነገ መሄዷ አይቀርም፣ መጥፎ አሰልጣኝ ናት፣ ይሄ እውነት ነው፣ እውነት ላይ ነው የምትፈርሚው። ባልሠራችው ግን። በሌላ ቀን ብትባረር ዳንጉዎሌ ራሷ ኬክ ትጋግር ነበር። ዛሬ ግን፣ በዚህች ጩኸት፣ በኔ? ስሟን መጻፍ ጀመረች፣ "ዳ" ላይ ደረሰች፣ እጇ ቆመ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምን አልሽ?" አለ ከርት።

"ታይም አውት ያልኩት እኔ ነኝ። ትናንት። ጌይል አይደለችም።"

ሳቁ መጣ፣ ክፉ ሳቅ አይደለም። "ሁላችንም ጮኸናል እኮ!" አለ አንድ ሽማግሌ ከድንቹ ጋር እየታገለ። "እኔ ራሴ ዳኛውን የማይባል ነገር ብዬዋለሁ፣ ዛሬ ቄሱን ማየት ፈርቻለሁ።" ሌላዋ ሴትዮ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳርፋ "የኔ ደግ፣ ለልጅቷ ብለሽ ነው" አለቻት። ከርትም አንገቱን ነቀነቀ፣ "ልብሽን አውቀዋለሁ ዳና፣ ግን ሴትዮዋ በራሷ አፍ አምናለች። ካላደረገችው ማን አስገድዷት? ያመነ ሰው ላይ አንከራከር።"

"ስሙኝ፣ እኔ፣ የኔ ድምፅ..." ቋንቋው ከዳት። ሃያ አራት ዓመት የተናገረችው እንግሊዝኛ ድንገት ተበተነባት፣ የዚያኛው አገር ቃል አፏ ላይ መጣ፣ እሱንም ዋጠችው። ሰዎቹ በአዘኔታ ያዩዋታል፣ እንዲህ ሲያዩዋት ደግሞ ደስ አላት፣ አዎ፣ ለአንዲት ሰከንድ ደስ አላት። አላመኑም፣ እኔ ተናግሬያለሁ፣ ከኔ ላይ ወርዷል፣ ፈርሜ ምሳዬን ልብላ። ደረጃው ላይ ያቺ ቆብ ያጠለቀች ልጅ አለች። ዘጠኝ ሰከንድ ቀርቷል። ዳንጉዎሌ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች፣ ሆዷን በአየር ሞላች፣ ዓይኗን ጨፈነችና እንደ ትናንቱ አድርጋ፣ በሙሉ ጉሮሮዋ፣ "ታይም አውት!" አለች።

ማንኪያ ወደቀ። ዓይኗን ስትገልጥ አርባው ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ደረጃው ዞሯል፣ ከርትም ዞሯል፣ አሰልጣኟን ፍለጋ። ማንም የለም። ከዚያ የሩጫ ኮቴ ተሰማ፣ ብሪን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወርዳ በሩ ላይ ቆመች፣ ቆቧ ወደ ኋላ ወድቋል።

"ኮች?" አለች። "ኮች፣ መጥተሻል እንዴ?"

ልጅቷ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው፣ አንድ በአንድ፣ ብቻዋን የቆመችው ሴትዮ ላይ እስክትደርስ። "እኔ ነኝ፣ የኔ ልጅ" አለች ዳንጉዎሌ፣ አሁን ድምፅዋ ጨርሶ ተዘግቷል። "ትናንትም እኔ ነበርኩ።"

ብሪን ግድግዳውን ተደገፈች። "እጇ አፏ ላይ ነበር" አለች። "አይቻት ነበር እኮ። አፏ አልተከፈተም፣ ድምፁ ግን የሷ ነበር። ከጨዋታው በኋላ 'ኮች፣ አንቺ ነሽ ወይስ ጆሮዬ ነው?' ብዬ ጠየቅኳት። 'እኔ ነኝ፣ በቃ፣ ሂጂ ተኚ' አለችኝ። ኮች ዋሽታኝ አታውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ጭንቅላቴን የነካኝ መስሎኝ ነበር፣ አባዬ፣ ያበድኩ መስሎኝ ነበር!" እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ትናንት ሜዳው ላይ ያላለቀሰችውን። ከርት ሄዶ አጠገቧ ተንበረከከ።

ከልጁ ጎን ሆኖ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "እረፍት እንዳለቀብን ታውቂ ነበር?" አለ።

"አውቅ ነበር። አምስቱም መቆንጠጫ ተነቅሏል። አውቅ ነበር፣ ከርት፣ አፌ ግን አልጠየቀኝም።"

"ደብዳቤውን የጻፍሽው አንቺ! 'ሂጂልን' ያልሽው አንቺ!"

"እኔ።"

ከርት ተነስቶ ወረቀቱን ከፊቷ አነሳ፣ "ዳ" ብቻ የተጻፈበትን፣ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ነገ ጠዋት ዳይሬክተሩ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። ይሄንኑ ለሱ ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ለጌይል።" ይቅርታ የሚጠይቅ አልመሰለም። ልጁን ደግፎ ወጣ። ከኋላው ሌሎችም ኮታቸውን አነሱ፣ አንዳንዱ እንደማያያት ሆኖ አለፈ፣ ትከሻዋን የዳበሰችው ሴትዮ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። መልካሙን ሁሉ የተመኘላት የለም። ዳንጉዎሌ ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም፣ የወንበሩን ጀርባ ይዛለች፣ ረድፉ ከዓይኗ ሥር እየተበተነ ነው፣ ሬጂና፣ ተናገርኩ፣ አሁንስ ምን ይደረጋል?

ወደ ቨርላ ዞረች። ሁሉም ወደ ደረጃው ሲዞር ቨርላ አልዞሩም ነበር፣ አሁን ነው ትዝ ያላት። ሳህናቸውን እያዩ ነበር።

"ሰምተውኝ ነበር" አለች። "ትናንት።"

"ጆሮዬ ላይ ነው የጮኽሽብኝ፣ እንዴት አልሰማ" አሉ ቨርላ። ሹካቸውን ሳህኑ ላይ አኖሩ። "ያቺን ሴት ማይክራፎን ይዛ ስትዋረድ እያየሁ ዝም አልኩ። ጎኔ ያለው ወንበር ባዶ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ? ነገ ዳይሬክተሩ ዘንድ እኔም እሄዳለሁ፣ ይሄንኑ እነግረዋለሁ።"

ስትነሳ ወንበሩ ላይ መልሰው ያስቀመጡትን ቦርሳቸውን አነሱ። "ቁጭ በይ፣ ልትወድቂ ነው።" ዳንጉዎሌ ቁጭ አለች። ቨርላ ቦርሳውን ከፍተው ከመሐረቡና ከመድኃኒቱ ሥር ሲፈልጉ ቆዩና የእንጨት መቆንጠጫዎቹን አውጥተው ጭኗ ላይ አራገፉላት።

"የከርሞ ሰው ይበለንና ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ" አሉ። "አፍሽን ከመክፈትሽ በፊት በእጅሽ ትነኪያቸዋለሽ።"

ዳንጉዎሌ በጣቷ እየነካች ቆጠረቻቸው። አምስት ናቸው። ደግማ ቆጠረች።